ከተናቀ ቁጥቋጦ የሚቀዳ መርዝ፦ የሞናርክ ቢራቢሮን ምሥጢር የፈቱት ሚሪያም ሮትስቻይልድ

በጅቡቲ ከተማ፣ አብዛኛውን ዓመት ውሃ በማይታይበት የአምቡሊ ወንዝ ዳርና ወደ ኢትዮጵያ ድንበር በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ፣ ሌላው ዕፅዋት በሐሩር ሲጠወልግ ለምልሞ የሚታይ ቁጥቋጦ አለ። ቅጠሉ ሰፊና ወፍራም ሲሆን መልኩ ወደ አመድማ ያደላ አረንጓዴ ነው። ቅርንጫፉ ሲሰበር እንደ ወተት ያለ ነጭ ፈሳሽ ይንጠባጠባል። ያገኘችውን ሁሉ የምትቀነጥሰው የበረሃ ፍየል እንኳ ትሸሸዋለች። በአማርኛ እንደየአካባቢው ቅምቦ ወይም ጦቢያ፣ በትግርኛ ደግሞ ግንዳዕ ይባላል። ፈሳሹ ዓይን ውስጥ ከገባ ጉዳት ስለሚያደርስ ልጆች እንዳይነኩት ይመከራሉ።

ሁሉም የሚሸሸውን ይህን ተክል አጥብቆ የሚፈልግ አንድ ፍጥረት ግን አለ። ክንፉ ብርቱካናማ፣ የክንፉ ጫፍ ጥቁር፣ በጥቁሩ ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ ያለበት ቢራቢሮ ነው። ሴቷ እንቁላሎቿን በቅጠሉ ላይ አንድ በአንድ ትጥላለች። የሚፈለፈለው ባለ ጥቁር፣ ነጭና ቢጫ ቀለበት አባጨጓሬ ይህንኑ ቅጠል እየበላ ያድጋል። ክንፍ ካወጣ በኋላም አይቸኩልም፤ ወፎች እያዩት በእርጋታ ይበርራል።

ይህ ቢራቢሮ የአፍሪካ ሞናርክ በመባል ይታወቃል። በሰሜን አሜሪካ በሺህ የሚቆጠሩ ኪሎ ሜትሮችን ተጉዞ ክረምቱን በሜክሲኮ ተራሮች የሚያሳልፈው ዝነኛው ሞናርክ የቅርብ ዘመዱ ነው። ለሁለቱም ሳይንሳዊ ስም ያወጡላቸው ስዊድናዊው ሊኒየስ ሲሆኑ፣ ጊዜውም በአውሮፓውያኑ 1758 ነበር። ወፎች ለምን እንደሚተዉዋቸው በኬሚስትሪ ለማረጋገጥ ግን ሌላ ሁለት መቶ ዓመት አስፈልጓል። ያንን ማረጋገጫ ካመጡት ሰዎች መካከል በልጅነታቸው ትምህርት ቤት ያልገቡ፣ የዩኒቨርሲቲ ዲግሪም ተምረው ያልተቀበሉ አንዲት እንግሊዛዊት ይገኙበታል። ሚሪያም ሮትስቻይልድ ይባላሉ።

ቁንጫ የሚሰበስቡት አባት

ሚሪያም ሉዊዛ ሮትስቻይልድ የተወለዱት በአውሮፓውያኑ ነሐሴ 5 ቀን 1908 በእንግሊዝ ኖርዝአምፕተንሽር፣ አሽተን ዎልድ በተባለው የቤተሰቡ ርስት ነው። የሮትስቻይልድ ስም በአውሮፓ የባንክ ሀብት ምልክት ነበር። የሚሪያም አባት ቻርልስም በቤተሰቡ ባንክ ይሠሩ ነበር። ልባቸው ግን ከገንዘብ ይልቅ በነፍሳት ላይ ነበር፤ ከሁሉም ነፍሳት ደግሞ በቁንጫ።

የቻርልስ ፍቅር ወደ አካባቢያችንም አምጥቷቸዋል። በ1901 ሱዳን ውስጥ ሸንዲ በተባለችው የአባይ ዳር ከተማ በአይጦች ላይ የምትኖር የቁንጫ ዝርያ ሰበሰቡ። ከሁለት ዓመት በኋላም በግብፁ ፈርዖን በኬዖፕስ ስም ሰየሟት። ይህች ቁንጫ ሚሊዮኖችን የፈጀውን የቸነፈር በሽታ ከአይጥ ወደ ሰው በማስተላለፍ ዋነኛዋ መሆኗ ኋላ ላይ ታወቀ። አንድ ሀብታም ሰው በትርፍ ሰዓቱ የሚጫወትበት ይመስል የነበረው ስብስብ ለሕክምና ትልቅ ቁም ነገር ሆነ።

አጎታቸው ዋልተር ደግሞ በትሪንግ ከተማ የራሳቸውን ሙዚየም ያቋቋሙ፣ በሠረገላቸው ላይ የሜዳ አህያ እየጠመዱ በለንደን ጎዳና የታዩ ሰው ነበሩ። ከሁለት ሚሊዮን በላይ ቢራቢሮዎችና የእሳት እራቶች ሰብስበዋል። ሚሪያም ያደጉት በእነዚህ ሁለት ሰዎች መካከል ነው። ጥንዚዛና አባጨጓሬ ማሳደግ የጀመሩት ገና በለጋ ዕድሜያቸው ነበር።

አባትየው ግን ለሴት ልጅ መደበኛ ትምህርት ይጠቅማል ብለው አያምኑም ነበር። ወንድሟ ቪክተር ወደ ስመ ጥር ትምህርት ቤቶች ሲላክ፣ ሚሪያም ቤት ውስጥ ቀሩ። በ1923 ለዓመታት በሕመም ሲሰቃዩ የቆዩት ቻርልስ በገዛ እጃቸው ሕይወታቸውን አጠፉ። ሚሪያም ያኔ የ15 ዓመት ልጅ ነበሩ። በሐዘኑ ምክንያት ለተወሰነ ጊዜ ከነፍሳት ጋር ተቆራረጡ። መልሰው ወደ ተፈጥሮ ሳይንስ የመጡት ቆይተው ነው። በ17 ዓመታቸው በለንደን ቼልሲ ፖሊቴክኒክ የማታ ትምህርት ተመዝግበው ስለ እንስሳት መማር ጀመሩ።

በቦምብ የጠፋው ሥራ

የሚሪያም የመጀመሪያ ጥናት ስለ ባሕር ነበር። በፕሊመዝ የባሕር ሕይወት ምርምር ጣቢያ በቀንድ አውጣዎች ውስጥ የሚኖሩ ጥገኛ ትሎችን ለዓመታት አጠኑ። ከዚያም ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጣ። የጀርመን አውሮፕላኖች ፕሊመዝን ሲደበድቡ ቤተ ሙከራው ተመታ፤ የሰባት ዓመት ሥራቸውም ከነማስታወሻውና ከነናሙናው ጠፋ።

ሌላ ሰው በዚህ ይሰበር ይሆናል። ሚሪያም ግን በኋላ ዘመን ያንን ጊዜ ሲያስታውሱ፣ ጥፋቱ በአንድ ነገር ላይ ብቻ ከመታሰር ነፃ እንዳወጣቸው ይናገሩ ነበር። በጦርነቱ ዓመታት የጠላትን የምሥጢር መልእክት በሚፈታው የብሌችሊ ፓርክ ማዕከል አገለገሉ። ከናዚ ጭፍጨፋ ለሸሹ አይሁዳውያን ልጆች የአሽተን ዎልድን በር ከፈቱ። በ1943 ከሃንጋሪ የመጡትን የብሪታንያ ልዩ ኃይል ወታደር ጆርጅ ሌንን አገቡ። በኋላ ቢፋቱም ከጉዲፈቻዎቹ ጋር ስድስት ልጆችን አሳድገዋል።

ልጆቹ ትንንሽ በነበሩባቸው ዓመታት የሚሪያም የምርምር ሰዓት ሌሊት ነበር። ልጆቹን አስተኝተው ማይክሮስኮፕ ፊት ይቀመጣሉ። በእነዚያ ሌሊቶች የአባታቸውን የቁንጫ ስብስብ አንድ በአንድ እያዩ መዘገቡ። የመዝገቡ የመጀመሪያ ቅጽ በ1953 ታተመ፤ ስድስተኛው ሲወጣ ዓመቱ 1983 ደርሶ ነበር። ሠላሳ ዓመት የፈጀ ሥራ መሆኑ ነው።

በዚህ መካከል በ1960ዎቹ ከቁንጫ ጥናት አንድ አስገራሚ ግኝት ወጣ። የጥንቸል ቁንጫ እንቁላሏ የሚበስለው ያረገዘች ጥንቸል ደም ስትጠጣ ነው። በእርግዝናው መጨረሻ ቀናት በጥንቸሏ ደም ውስጥ የሚጨምሩት ሆርሞኖች ቁንጫዋንም ለመውለድ ያዘጋጇታል። ግልገሎቹ ሲወለዱ ቁንጫዎቹ ወደ እነርሱ ተሻግረው ይራባሉ። ጥገኛዋ የራሷን የመራቢያ ጊዜ የምትቆጥረው በአስተናጋጇ አካል ነበር።

ይህ ግኝት የሚሪያምን አስተሳሰብ ቀረጸው ማለት ይቻላል። አንድ ፍጥረት ከሚበላው ነገር ምግብ ብቻ ሳይሆን ሌላም ነገር ሊወስድ እንደሚችል አዩ። ከዚያ ወደ ቢራቢሮዎች ለመሻገር ብዙ አልራቀባቸውም።

የልብ መርዝ

ሞናርክ ቢራቢሮዎች የሚራቡት ነጭ ፈሳሽ በሚያወጡ እጽዋት ላይ ነው። ሰሜን አሜሪካ ውስጥ እነዚህ እጽዋት በመንገድና በእርሻ ዳር የሚበቅሉ ናቸው። እዚህ ደግሞ ቅምቦና ዘመዶቹ አሉ። እጽዋቱ ራሳቸውን ከበላተኛ የሚከላከሉት በመርዝ ነው። መርዙ ልብን ያጠቃል፤ የልብ ጡንቻ ሕዋሳት ሶዲየምን ወደ ውጭ የሚያስወጡበትን ሥርዓት ያውካል። በጥቂቱ ማስታወክን፣ በብዛት ደግሞ ሞትን ያስከትላል። በሕክምና ለልብ ሕመም ከሚታዘዘው የዲጂታሊስ መድኃኒት ጋር አንድ ወገን ነው።

አባጨጓሬው ይህን ቅጠል እየበላ ለምን አይሞትም? ወፎችስ ቢራቢሮውን ለምን ይተዉታል? የተፈጥሮ አጥኚዎች ደማቁ ቀለም ማስጠንቀቂያ ሳይሆን አይቀርም ብለው ከገመቱ ቆይተዋል። መርዙ ከተክሉ ወደ ቢራቢሮው ይተላለፋል የሚል ግምትም ነበር። ሆኖም መርዙን ከቢራቢሮው አካል ለይቶ ያሳየ አልነበረም።

ሚሪያም ቢራቢሮዎችን በአሽተን ዎልድ ያረቡ ነበር። ኬሚስት ግን አልነበሩም። ስለዚህ ኬሚስት ፈለጉ። ያገኟቸውም በስዊዘርላንድ ባዝል የሚሠሩትን ታዴዎስ ራይክሽታይንን ነበር። ራይክሽታይን በ1950 በሕክምና የኖቤል ሽልማት የተቀበሉ፣ ለቀስት መርዝነት የሚያገለግሉ የአፍሪካ እጽዋትን ለዓመታት ያጠኑ ሰው ነበሩ። ስለ ልብ መርዞች ከእርሳቸው የተሻለ የሚያውቅ ብዙ ሰው አልነበረም። እንግሊዛዊው የመድኃኒት ተመራማሪ ጆን ፓርሰንስም ተጨመሩ።

የመጀመሪያው የጋራ ውጤት ስለ ቢራቢሮ ሳይሆን ስለ ፌንጣ ነበር። በቀይ ባሕር ዙሪያ ባሉ በረሃማ አገሮች እንደ ቅምቦ ያሉ እጽዋትን የሚበላ ትልቅ ፌንጣ አለ። ሲነካ መጥፎ ፈሳሽ ይረጫል። ተመራማሪዎቹ በ1967 ባወጡት ጥናት በፈሳሹ ውስጥ ያለው መርዝ ፌንጣው ከበላው ተክል የመጣ የልብ መርዝ መሆኑን አሳዩ።

በቀጣዩ ዓመት ተራው የሞናርክ ሆነ። በ1968 በታተመው ጥናታቸው በሞናርክ አካል ውስጥ የልብ መርዞች መኖራቸውን አረጋገጡ። ከተለዩት መርዞች አንዱ ካሎትሮፒን ይባላል። ስሙን ያገኘው ካሎትሮፒስ ከሚለው የአንድ ተክል ሳይንሳዊ ስም ነው። ያ ተክል ደግሞ በጅቡቲ መንገዶች ዳር የሚበቅለው ቅምቦ ነው። በአሜሪካ ሰማይ የሚበርረው ቢራቢሮ በክንፉና በሰውነቱ የሚሸከመው መርዝ፣ ሰው ሁሉ በሚንቀው የበረሃ ቁጥቋጦ ስም ይጠራል።

በዚያው ጊዜ በአሜሪካ ሊንከን ብራወርና ባልደረቦቻቸው ሌላውን ግማሽ አሟሉ። ሞናርክን የበላች ወፍ ወዲያው ታስታውካለች፤ ከዚያ በኋላ ብርቱካናማ ክንፍ ስታይ ትሸሻለች። መርዝ በሌለበት ተክል ያደገ ሞናርክ ግን አያስታውክም። ስለዚህ የቢራቢሮው ጋሻ ቅጠሉ ነው ማለት ነው። ከብዙ ዓመታት በኋላ የመጣው የዘረመል ጥናት ደግሞ አባጨጓሬው የማይሞትበትን ምክንያት ገለጠ። መርዙ የሚይዘው የሕዋስ ክፍል በሞናርክ ላይ በመለወጡ መርዙ በቀላሉ አይጣበቅበትም።

የአፍሪካው ቢራቢሮ ያመጣው ጥያቄ

ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ ቀላል በሆነ ነበር። ሚሪያም ግን ፊታቸውን ወደ አፍሪካው ሞናርክ አዞሩ።

ይህ ቢራቢሮ ከሰው ልጅ ጋር ያለው ትውውቅ ረጅም ነው። በግብፅ ቴብስ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1350 ገደማ በተሠራው የነባሙን መቃብር ግድግዳ ላይ በወፎች መካከል ሲበር ተስሏል። ሥዕሉ ዛሬ በለንደን ብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛል። አፍሪካን፣ ዓረቢያንና እስያን የሚያካልለው ይህ ቢራቢሮ አስመሳዮችም አሉት። ከሌላ ወገን የሆነች፣ አባጨጓሬዋ መርዝ የሌለበት ቅጠል የሚበላ አንዲት ቢራቢሮ በክንፏ ቀለም እርሱን ትመስላለች። ይህን የምታደርገው ሴቷ ብቻ ናት፤ የእርሷ ወንድ ጥቁር ሆኖ ትልልቅ ነጭ ክቦች አሉበት። ሴቷ ሳትታገል በሰው ጋሻ ትኖራለች።

ሚሪያምና ባልደረቦቻቸው በ1975 ያወጡት ጥናት ግን አስመሳይነቱ በዚህ እንደማያበቃ አሳየ። የአፍሪካ ሞናርኮች ሁሉ መርዛማ አይደሉም። አንዳንዶቹ መርዝ ያከማቻሉ፤ በሌሎቹ ውስጥ የተገኘው እጅግ ጥቂት ነው፤ ምንም ያልተገኘባቸውም ነበሩ። ልዩነቱ በከፊል አባጨጓሬው ባደገበት ተክል ላይ የተመሠረተ ነው። መርዝ የሌለው ተክል የበላው ቢራቢሮ መርዝ የበላውን ወንድሙን ስም ተከልሎ ይኖራል። ወፏ የምታውቀው ቀለሙን ብቻ ነውና ሁለቱንም ትተዋለች።

ይህ ግኝት ለወፍም ለቢራቢሮም ብቻ የሚጠቅም አልነበረም። ቢራቢሮን ከተክሉ ለይቶ ማጥናት እንደማይቻል አስተማረ። በሙዚየም ሣጥን ውስጥ በመርፌ የተሰካ ቢራቢሮ ስሙንና መልኩን ይናገር ይሆናል። መርዛማ ይሁን አይሁን ለማወቅ ግን የት ሜዳ፣ በየትኛው ቅጠል ላይ እንዳደገ መጠየቅ ያስፈልጋል። ሁለት ሚሊዮን ቢራቢሮዎችንና የእሳት እራቶችን የሰበሰቡ አጎት ለነበሯቸው ሚሪያም ይህ ቀላል ለውጥ አልነበረም።

ከስብስብ ወደ ሜዳ

የሚሪያም የመጨረሻዎቹ አሥርት ዓመታት ከዚህ መረዳት የፈለቁ ይመስላሉ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የእንግሊዝ ገጠር በፍጥነት ተለወጠ። አጥሮች ተነቀሉ፣ ሜዳዎች ታረሱ፣ አረም ማጥፊያ መድኃኒት ተረጨ። ከ1930ዎቹ ወዲህ አገሪቱ በዱር አበባ የተሞሉ ሜዳዎቿን 97 በመቶ ያህል አጥታለች። አበባው ሲጠፋ ቢራቢሮውም ጠፋ።

አባታቸው ቻርልስ ገና በ1912 ተፈጥሮ የሚጠበቅባቸውን ቦታዎች ለይቶ የሚያስከብር ማኅበር አቋቁመው ነበር። ሚሪያም የአባታቸውን ሐሳብ ወደ ራሳቸው ግቢ አመጡት። በአሽተን ዎልድ የተከረከመ ሣር እንዲቆም አደረጉ። ሐረግ የቤቱን ግድግዳ ወርሶ መስኮቶቹን ሸፈነ። ከጥንታዊ ሜዳዎች የዱር አበባ ዘር ሰብስበው ዘሩ፤ ለሌሎችም አከፋፈሉ። ገበሬዎች እንደ ጠላት የሚያዩአቸውን አበቦች ያቀፈውን የዘር ቅይጥ የገበሬ ቅዠት ብለው በቀልድ ሰየሙት። የዛሬው ንጉሥ ቻርልስ ሦስተኛ፣ ያኔ ልዑል ሳሉ፣ በሃይግሮቭ ርስታቸው ሜዳ ሲያለሙ የሚሪያምን ምክር ተቀብለዋል።

ሚሪያም ሥጋ አይበሉም ነበር፤ የቆዳ ጫማም አያደርጉም። ወደ ቤተ መንግሥት ግብዣ ሲጠሩ እንኳ የጎማ ቦቲ አድርገው ይሄዱ እንደነበር ይነገራል። የአእምሮ ሕመም ጥናት የሚደግፍ ድርጅት አቋቁመዋል። ግብረ ሰዶምን ወንጀል ያደርግ የነበረውን የብሪታንያ ሕግ እንዲለወጥ ከተከራከሩትም መካከል ነበሩ።

የክብር ስሞቹ የመጡት ዘግይተው ነው። ስምንት ዩኒቨርሲቲዎች የክብር ዶክትሬት ሰጧቸው። በ1985 የብሪታንያ ከፍተኛው የሳይንስ ማኅበር፣ ሮያል ሶሳይቲ፣ አባል አድርጎ መረጣቸው፤ ዕድሜያቸው 76 ነበር። በ2000 ዴም የሚለውን የንግሥቲቱን ማዕረግ ተቀበሉ። ከ300 በላይ ሳይንሳዊ ጽሑፎችን ያሳተሙት እኚህ ሴት በአውሮፓውያኑ ጥር 20 ቀን 2005 በተወለዱበት በአሽተን ዎልድ በ96 ዓመታቸው አረፉ።

አረም የሚባለው ተክል

ሚሪያም ከሞቱ ከሁለት አሥርት ዓመታት በኋላ ያጠኑት ጉዳይ የዓለም መነጋገሪያ ሆኗል። በሰሜን አሜሪካ በበቆሎና በአኩሪ አተር እርሻዎች ላይ የሚረጨው አረም ማጥፊያ ሞናርክ እንቁላሉን የሚጥልባቸውን እጽዋት አመናምኗል። በሜክሲኮ የሚያርፍባቸው ደኖችም ተመናምነዋል። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት በ2022 ይህን ተጓዥ ቢራቢሮ ሥጋት ካንዣበበባቸው ዝርያዎች ዝርዝር አስገብቶታል። አሜሪካውያን ቤተሰቦች በየግቢያቸው ቀድሞ አረም ይሉት የነበረውን ተክል አሁን ገዝተው ይተክላሉ።

በአፍሪካ ቀንድ ያለው ሁኔታ ተቃራኒ መልክ አለው። ቅምቦ የሚበረክተው ከብትና ፍየል ሌላውን ተክል ሁሉ ግጠው በጨረሱበት መሬት ላይ ነው። ስለዚህ መብዛቱ ለአርብቶ አደሩ የምሥራች አይደለም፤ መሬቱ መጎዳቱን የሚያሳብቅ ምልክት ነው። ያም ሆኖ በዚያ በተጎዳ መሬት ላይ ለአፍሪካው ሞናርክ መኖሪያም፣ ምግብም፣ ጋሻም የሚሆነው እርሱ ነው። አንዱ ተክል ለአንዱ የጥፋት ምልክት፣ ለሌላው ሕይወት ይሆናል።

ቁንጫን ከመናቅ ይልቅ ለሠላሳ ዓመት በማይክሮስኮፕ የተመለከቱት ሚሪያም ይህን ሁለት ገጽታ ያለውን ተክል የሚያልፉት አይመስልም። ቅጠሉን ገልብጠው ከሥሩ እንቁላል መኖር አለመኖሩን ያያሉ፤ አባጨጓሬውን ካገኙም የበላውን ቅጠል አብረው ይይዛሉ። በጅቡቲ ዳርቻ ለሚያልፍ መንገደኛም ቢሆን ይህ ከባድ ሥራ አይደለም። ነጩን ፈሳሽ ከዓይኑ አርቆ፣ ጎንበስ ብሎ ቅጠሉን ማየት ብቻ ይበቃዋል።